እትዬ፣ 3,640 ማይልና የፔንሲልቬንያ የግብር ቅጽ

እትዬ ደብዳቤውን ይዘው የመጡት እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነው። ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም። ፖስታውን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ይሄን እይልኝ። ልታሰር ነው እንዴ?» አሉኝ።

እስር የሚያመጣ ነገር የለበትም። የመጣው ከፔንሲልቬንያ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ነው። «በ2024 ቅጽዎ ላይ 13,653 ዶላር የሥራ ወጪ ቀንሰዋል፤ ማስረጃ ይላኩልን» ነው የሚለው። ማስረጃው እስኪደርስ 419 ዶላር ተመላሻቸው ተይዟል። ቀነ ገደቡ ሊሞላ 11 ቀን ቀርቷል። ደብዳቤው ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ማይክሮዌቩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ችላ ብለውት አይደለም። ፈርተውት ነው። ብዙ ቤት ውስጥ እንዲህ የተቀመጠ ፖስታ እንዳለ ስለማውቅ ነው ጉዳዩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምጽፈው። የእትዬን ስምና የሚሠሩበትን ኤጀንሲ አልጠራም።

እትዬ 58 ዓመታቸው ነው። ከፊላዴልፊያ ጥግ፣ አፐር ዳርቢ ይኖራሉ። ሥራቸው ሆም ኬር ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ላንስዳውን አንዲት አሮጊት ቤት ይገባሉ፤ ያጥባሉ፣ ያለብሳሉ፣ ቁርስ ያበላሉ። ከዚያ ባልቲሞር ፓይክ የሚባለውን መንገድ ይዘው ሚዲያ ወደምትባል ከተማ ይነዳሉ፤ ስምንት ማይል ገደማ ነው። ከሰዓት ደግሞ ወደ ቼስተር፤ ሌላ ሰባት ማይል ገደማ። ማታ ከቼስተር ወደ ቤት። መኪናው የራሳቸው ነው፤ ነዳጁም፣ ጎማውም፣ ኢንሹራንሱም። ኤጀንሲው የሰዓት ደሞዛቸውን ይከፍላል፤ ለመኪናው ግን ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም ነበር። በዓመት ያገኙት 41,300 ዶላር ነው፤ ደብሊው-ቱ በሚባለው፣ ቀጣሪው በሚሰጠው የዓመት ደሞዝ ወረቀት ላይ እንደተጻፈው።

ባለፉት ዓመታት ታክሳቸውን የሚሠራላቸው ሰው «የሥራ ወጪ መቀነስ ከ2018 ጀምሮ ቀርቷል» ብሏቸው ነበር። ልክ ነው፤ ግን ግማሹን ነው የነገራቸው። በዲሴምበር 2017 የወጣው የፌዴራል ሕግ የተቀጣሪዎችን ያልተተካ የሥራ ወጪ፣ ማለትም ቀጣሪው ያልመለሰላቸውን፣ ከ2018 ጀምሮ ከፌዴራሉ ቅጽ አስወጥቶታል። መጀመሪያ እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ብቻ ነበር የተባለው። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ግን ለዘለቄታው አስቀረው። ለአንዳንድ ሰዎች፣ ለምሳሌ ለተጠባባቂ ወታደሮች፣ ጠባብ በር ክፍት ነው። እንደ እትዬ ላለ ሠራተኛ ግን የፌዴራሉ በር ዝግ ነው።

ፔንሲልቬንያ ግን የራሷ ሕግ አላት። የደሞዝ ግብሯ ለሀብታምም ለደሃም አንድ ነው፤ 3.07 ከመቶ። በፌዴራሉ ላይ እንዳለው መደበኛ ተቀናሽ የሚባል፣ ወጪ ሳይዘረዘር ከገቢ ላይ የሚቀነስ ነገር የለም። በምትኩ ፒኤ-40 በሚባለው ቅጽ ላይ መስመር 1ኤ ጠቅላላ ደሞዝ ነው፣ 1ቢ ያልተተካ የሥራ ወጪ፣ 1ሲ የተረፈው። ወጪው የሚዘረዘረው ስኬጁል ዩኢ በሚባል ገጽ ነው። ከመጀመሪያው ዶላር ጀምሮ ይቀነሳል። ሁለት ቦታ የሚሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሥራ የየራሱን ገጽ ይሞላል።

ታዲያ የ2024ን ታክስ የሠራላቸው ልጃቸው ነው። ኮሌጅ የሚማር፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ፕሮግራሙ «ከኪስዎ ያወጡት የሥራ ወጪ አለ?» ብሎ ጠየቀው። እሱም እናቱ ለሥራ ብላ ያወጣችውን ሁሉ አስገባ። መኪናው በዓመቱ የሄደውን 12,940 ማይል በሙሉ፣ መንግሥት ለአንድ ማይል ባወጣው የ67 ሳንቲም ተመን። የዓመት የስልክ ሂሳብ፣ 780 ዶላር። ጫማና የብርድ ካፖርት፣ 310። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ 3,400። ሌላ 493 ደግሞ ለዩኒፎርም፣ ለደም ግፊት መለኪያ፣ ለነፍስ አድን ሥልጠናና ለፓርኪንግ። ድምሩ 13,653 መጣ።

ልጁ አልዋሸም። ከእናቱ ኪስ ያልወጣ አንድም ዶላር አልጻፈም። ችግሩ ሕጉ የሚጠይቀው «ከኪስህ ወጣ ወይ?» ብቻ አለመሆኑ ነው። ወጪው በዚያ ሙያ የተለመደ መሆን አለበት። ለሥራው የግድ የሚያስፈልግ፣ መጠኑም ያልተጋነነ መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሥራው ጋር በቀጥታ የተያያዘ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ በደሞዝ ብቻ የሚኖር ሰው ከስቴቱ ተመላሽ የሚያገኘው እምብዛም ነው። ቀጣሪው ያንኑ 3.07 ከመቶ እየቆረጠ ስለሚያስገባ ሂሳቡ ዜሮ ለዜሮ ይወጣል። የእትዬ 419 ዶላር ሙሉ በሙሉ የመጣው ከመስመር 1ቢ ነው። ስለዚህ ማስረጃ መጠየቁ አያስገርምም። ያን መስመር የሚሞላ ሰው ጥያቄው እንደሚመጣ አስቦ፣ ወረቀቱን አዘጋጅቶ ይሙላ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛውን አጽድተን ተቀመጥን፤ እትዬ፣ ልጃቸውና እኔ። ቡና ተፈላ። ወጪዎቹን አንድ በአንድ እያነሳን አየናቸው።

ካፖርቱና ጫማው ከዝርዝሩ ወጡ። ካፖርት ለቤተ ክርስቲያንም ይለበሳል። የሥራ ልብስ የሚቀነሰው ሥራው ግድ ሲለውና ለዕለት ተዕለት የማይሆን ሲሆን ነው። የኤጀንሲው ስም የተጠለፈባቸው አራት ዩኒፎርሞች፣ 186 ዶላር፣ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ቆዩ።

ስልኩም ወጣ። እትዬ ታማሚ ቤት ሲገቡና ሲወጡ ስልካቸው ላይ ይመዘግባሉ፤ ሥራው የግድ ይላል። ለሥራ የዋለውን ድርሻ ብቻ ማስገባት ይቻል ይሆናል። ግን በቀን ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ስልኩም ያለ ሥራውም የሚኖር ነው። ተከራክረን የምናተርፈው ሳንቲም ስለሆነ ተውነው።

ትምህርቱ ላይ እትዬ ዝም አሉ። ኤልፒኤን የሚባለውን ፈቃድ ያለው ነርስ ለመሆን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብተው ማታ ማታ ይማራሉ፤ በሴሚስተር አንድ ኮርስ። በ58 ዓመት። ያ ገንዘብ ከእንቅልፋቸው የተቀነሰ ነው። የፔንሲልቬንያ ቅጽ ግን ሦስት ነገር ይጠይቃል። አሁን ያለዎትን ሥራ ላለማጣት ቀጣሪው ወይም ሕጉ አስገድዶዎት ነው የተማሩት? ሥራውን ለመጀመር የሚያስፈልግ ዝቅተኛ ትምህርት ነው? ለአዲስ ሙያ ያበቃዎታል? ኤልፒኤን አዲስ ሙያ ነው። ስለዚህ 3,400ው ወጣ። በየጊዜው የሚታደሰው የነፍስ አድን ሥልጠና ግን፣ 70 ዶላር፣ ያለ እሱ ሥራው ስለማይቀጥል ዝርዝሩ ውስጥ ቆየ።

«ታዲያ ትምህርቱ ለምንም አይሆንም ማለት ነው?» አሉ እትዬ።

ልጁን «ከትምህርት ቤቱ የመጣ 1098-ቲ የሚባል ወረቀት አለ?» አልኩት። ተነስቶ ከመሳቢያ አወጣው። አልተከፈተም። ይሄ ወረቀት ለትምህርት የተከፈለውን የሚያሳይ ነው። የፌዴራሉ ግብር ለትምህርት ክሬዲት አለው። እትዬ ከግማሽ ጊዜ በታች ስለሚማሩ ትልቁ ክሬዲት አይደርሳቸውም። የዕድሜ ልክ ትምህርት ክሬዲት የሚባለው ግን ለአንድ ኮርስም ይሰጣል። ከተከፈለው እስከ 10,000 ዶላር ድረስ 20 ከመቶውን ከግብሩ ላይ ይቀንሳል። የ3,400 ዶላር 20 ከመቶ 680 ነው። ያው ገንዘብ በስቴቱ ቅጽ ላይ ቢያልፍ እንኳ የሚያስገኘው 104 ዶላር ነበር። ልጁ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። የትምህርት ክፍያው በተሳሳተ በር ሊገባ ሲታገል ትክክለኛው በር ክፍት ነበር። የፌዴራሉን ማስተካከያ፣ 1040-ኤክስን፣ ያን ሳምንት ሞላን።

ወደ ማይሉ ስንመለስ ነው ሥራው የከበደው። 12,940ው የመኪናው ዓመት ነው፤ ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ለቅሶም አለበት። የሥራ ማይል የሚባለው ደግሞ ሰዉ እንደሚያስበው አይደለም። ከቤት ተነስቶ ወደ መጀመሪያዋ ታማሚ መሄድ ወደ ሥራ መሄድ ነው፤ አይቀነስም። ማታ ከቼስተር ወደ አፐር ዳርቢ መመለስም እንዲሁ። የሚቀነሰው መሐሉ ነው፤ ከላንስዳውን ሚዲያ፣ ከሚዲያ ቼስተር። እትዬ ይሄን ሲሰሙ «ረጅሙ መንገድ እኮ የማታው ነው!» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሕጉ ግን እንደዚያ ነው።

የማይል መዝገብ አልነበራቸውም። ያዳነን ያ ስልክ ላይ የሚመዘገበው ነገር ነው። መንግሥት ለሚከፍልለት ሆም ኬር ሠራተኛው የት ቤት፣ በስንት ሰዓት ገብቶ እንደወጣ በኤሌክትሮኒክስ እንዲመዘገብ የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል። እትዬ ኤጀንሲያቸው ጋ ደውለው የ2024ን ዝርዝር ጠየቁ። በሁለተኛው ቀን መጣ፤ ብዙ ገጽ፣ ቀንና ሰዓት፣ አድራሻ። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ሠንጠረዥ ከፈተ። ቀን፣ ከየት፣ ወደ የት፣ ስንት ማይል። ርቀቱን ካርታ ላይ እየለካ ሞላው። የታማሚዎቹን ስም በጥቁር ማርከር ሸፈንነው። መንገዱን እንጂ የማንንም ገመና መላክ አያስፈልግም። ሦስት ማታ ፈጀ። መጨረሻ ላይ 243 የሥራ ቀን፣ 3,640 ማይል ወጣ።

የ2024 የማይል ተመን 67 ሳንቲም ነው። 3,640 ማይል 2,438 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይሆናል። በዚህ ላይ ዩኒፎርሙ 186፣ የደም ግፊት መለኪያው 94፣ ሥልጠናው 70፣ ሚዲያ ላይ ለፓርኪንግ የተከፈለው 143። ድምሩ 2,932 ዶላር። መጀመሪያ ከተጻፈው ሩብ እንኳ አይሞላም።

ቀጥሎ የቀጣሪው ደብዳቤ ነው። ስቴቱ ደረሰኝ ብቻ አይበቃውም። ወጪው ሥራው የሚጠይቀው መሆኑንና ቀጣሪው እንዳልተካው ከራሱ ከቀጣሪው መስማት ይፈልጋል። ለዚህ ሪቭ-775 የሚባል ቅጽ አለ። እትዬ ወደ ቢሮው ደወሉ። የመለሰችላቸው ሴት «እኛ ታክስ አንሠራም» አለቻቸውና ዘጋች። እትዬ በዚያ ሊተዉት ነበር። እኔ ግን ቅጹን አትሜ፣ አጭር ማብራሪያ አያይዤ «ሄደው በእጅ ይስጡ፤ ታክስ ሥሩልኝ አይደለም፣ የሠራሁትን መስክሩልኝ ነው የምለው ይበሏቸው» አልኳቸው። እንዳልኩት አሉ። በስድስተኛው ቀን ተፈርሞ መጣ። ሠራተኛዋ በራሷ መኪና ከታማሚ ታማሚ እንደምትሄድ፣ ዩኒፎርምና ሥልጠና ግዴታ እንደሆነ፣ ኤጀንሲው እንዳልከፈለ ይላል። ለ2023ም እንዲጽፉ ጠይቀን ነበርና እሱንም ጨመሩበት።

ሁሉንም ስካን አድርገን በስቴቱ ድረ ገጽ በኩል ላክን፤ የተስተካከለውን ስኬጁል ዩኢ፣ የማይል ሠንጠረዡን፣ ደረሰኞቹን፣ የፓርኪንጉን የባንክ ወረቀት፣ ሪቭ-775ን። ከላዩ ላይ ግማሽ ገጽ ጻፍን። መጀመሪያ የገባው ቁጥር ስህተት እንደነበረ፣ ምን እንደወጣና ለምን እንደወጣ። ይሄን ግማሽ ገጽ ማንም እንዳይዘለው እመክራለሁ። ስህተትን ራስ ቀድሞ መናገር እትዬን እፎይ አሰኝቷቸዋል። «አሁን እንኳ ቢመጡ አልፈራም» አሉ ያን ቀን።

መልሱ በሰባት ሳምንት መጣ። ከደም ግፊት መለኪያው በቀር ሁሉም ተቀባይነት አገኘ። ስለ መለኪያው ቀጣሪው በደብዳቤው አንድም ቃል አላነሳም፤ እትዬ በራሳቸው ፈቃድ የገዙት ነው። ስለዚህ 2,838 ዶላር ጸደቀ። በ3.07 ከመቶ ሲሰላ 87 ዶላር።

አዎ፣ 87። እዚህ ላይ በግልጽ መነጋገር አለብን። ተቀናሽ ማለት የወጣው ገንዘብ ይመለሳል ማለት አይደለም። የፔንሲልቬንያ ግብር ዝቅተኛ ስለሆነ ከመቶ ዶላር ወጪ ላይ የሚመለሰው ሦስት ዶላር ነው። አንድ ማይል ከስቴቱ የሚያስገኘው 2 ሳንቲም ገደማ ነው። ከፊላዴልፊያ ውጪ ባሉ ብዙ ከተሞች የአካባቢው የገቢ ግብር ቅጽ ላይም ይህን ወጪ ስኬጁል ዩኢን አያይዞ መቀነስ ይቻላል፤ ያ ትንሽ ይጨምርለታል። ቢሆንም የሦስት ማታ ሥራ ነው።

እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። ያ ሠንጠረዥ ዋጋው ከግብሩ በላይ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ግን ማንም አልሠራውም። እትዬ ለኤጀንሲው 3,640 ማይል በራሳቸው መኪና፣ በራሳቸው ነዳጅ ነድተዋል። ካሊፎርኒያ ቢሆን ቀጣሪው ለሥራ የወጣን ወጪ እንዲተካ ሕግ ያስገድደዋል። ፔንሲልቬንያ እንደዚያ ያለ ሕግ የላትም። መጠየቅ ግን የሚከለክል የለም። ሴፕቴምበር ላይ እትዬ ሠንጠረዡን ይዘው ሥራ አስኪያጁ ጋ ገቡ። ሌሎች ሁለት ሠራተኞችም የየራሳቸውን ሠርተው አብረዋቸው ገቡ። በወሬ ቢሆን «እናያለን» ይባል ነበር። ቁጥር ሲቀመጥ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከኦክቶበር ጀምሮ በታማሚዎች መሐል ለሚነዳ እያንዳንዱ ማይል 30 ሳንቲም ይከፈላል ተባለ። ለእትዬ በዓመት 1,092 ዶላር ማለት ነው። ማይሉ በአግባቡ እየተመዘገበ ስለሚከፈል ግብርም የለበትም። የ2025 ተመን 70 ሳንቲም ስለነበረ ለዚያ ዓመት ያልተከፈለው 40 ሳንቲም አሁንም ስኬጁል ዩኢ ላይ ይገባል። የተከፈላቸውን 30 ደግሞ መደበቅ አይቻልም፤ ቅጹ ራሱ ይጠይቃል።

በዚያው አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፤ ከታማሚ ታማሚ የሚነዱበት ሰዓት ይከፈላል ወይ? ይከፈላቸዋል። በሥራ ቀን መሐል ከአንድ የሥራ ቦታ ወደ ሌላው መጓዝ በፌዴራል ሕግ የሥራ ሰዓት ነው። ሆም ኬር ለምትሠሩ እህቶች ይሄን የደሞዝ ወረቀታችሁ ላይ ፈልጉት።

የ2023ን ደግሞ በስኬጁል ፒኤ-40 ኤክስ አስተካከልን። ተመላሽ ለመጠየቅ ከማስገቢያው ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት አለ፤ ለ2023 እስከ ኤፕሪል 2027 ማለት ነው። 3,100 ማይል፣ በ65.5 ሳንቲም። ሌላ ደረሰኝ አልተገኘም። 62 ዶላር መጣ።

ይሄን ወሬ ሰምተው ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የደወሉ ዘመዶች አሉ። እዚያ አይሠራም፤ ዋሽንግተን ዲሲም እንዲሁ። የፌዴራሉን ተከትለው በሩን ዘግተዋል። ኒውዮርክ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሚኒሶታ፣ አላባማ፣ አርካንሶ እና ሃዋይ ፈቅደዋል። ግን ወጪው ከገቢ 2 ከመቶ በላይ ሲሆን ትርፉን ብቻ ነው የሚቀበሉት፤ ያውም ወጪን ዘርዝሮ ለሚያስገባ ሰው። ሚኒሶታ ለ2024 ላላገባ ሰው የምትሰጠው መደበኛ ተቀናሽ 14,575 ዶላር ስለሆነ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሠራተኛ ዘርዝሮ የሚያተርፈው አልፎ አልፎ ነው። ካሊፎርኒያ ላይ መደበኛው 5,540 ብቻ ስለሆነ የተሻለ ዕድል አለ። እዚያ ግን ቀጣሪው መተካት የሚገባውን ሳይጠይቁ ትቶ ከግብር መቀነስ አይቻልም። ኡበር የሚነዱ ወንድሞችም ጠይቀውኛል። የእነሱ ጉዳይ ፈጽሞ ሌላ ነው። ደብሊው-ቱ ሳይሆን 1099 የሚመጣለት ሰው የራሱ ነጋዴ ነው፤ ወጪውን በፌዴራሉ ስኬጁል ሲ ላይ ይቀንሳል። የ2018ቱ ክልከላ እሱን አልነካውም።

አሁን የእትዬ መኪና መሳቢያ ውስጥ ትንሽ ሰማያዊ ደብተር አለ። እስክሪብቶ በክር ታስሮበታል። ቀኑን በአማርኛ፣ ቦታውን በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። ባለፈው አብሬያቸው ስሄድ ሚዲያ ላይ መኪናውን አቁመው፣ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ መነጽራቸውን አድርገው «ሐሙስ፣ ላንስዳውን ሚዲያ፣ 8» ብለው ጻፉ። ከዚያ ነው ቦርሳቸውን አንስተው የወረዱት። ከፌዴራሉ የሚጠብቁት 680 ዶላር ገና አልመጣም፤ ሲመጣ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ኮርስ ይከፈላል ብለዋል።